ባሮና የአዛውንት ትውስታ፦ ስለ ቀድሞው የወንዝ እንስሳት የሚነገሩ ትረካዎች አሰባሰብና አጻጻፍ

መግቢያ

ጋምቤላ ከተማ የደረሰ እንግዳ ከድልድዩ ላይ ቆሞ ባሮን ሲመለከት፣ አጠገቡ ያለው የከተማው ሰው ብዙ ሳይቆይ «ድሮ» ብሎ ይጀምርለታል። ድሮ ጉማሬው ከዚህ ሥር ይተኛ ነበር፤ ድሮ አዞው ከዚያ አሸዋ ላይ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር፤ ድሮ ዓሣው እንደዛሬው አልነበረም። እንግዳው ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ ከድልድዩ ሲወርድ ግን ይረሳዋል። ንግግሩ እንደ ሰላምታ የተለመደ ስለ ሆነ የሚመዘግበው ሰው አይገኝም።

የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎችም ሥነ ቃል ሊሰበስቡ ሲወጡ ይዘውት የሚሄዱት ዝርዝር የታወቀ ነው፦ ተረት፣ ምሳሌያዊ ንግግር፣ እንቆቅልሽ፣ የሠርግና የለቅሶ ግጥም፣ አፈ ታሪክ። በዚህ ዝርዝር ውስጥ «ድሮ» ብሎ ለሚጀምረው ንግግር ቦታ አልተሰጠውም። የሥነ ሕይወት ባለሙያው በበኩሉ ወደ ወንዙ ሲወርድ መረቡንና ሚዛኑን ይዞ ነው፤ የአዛውንቱን ንግግር ቢሰማውም ቁጥር ስላልሆነ ወደ ሠንጠረዡ አያስገባውም። በመሆኑም ትውስታው በሁለት ሙያዎች መካከል ወድቆ ቀርቷል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ከዚህ ጥፋት ነጻ አይደለም። ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ የመስክ ሥራ ወደ ባሮ ዳርቻ በሄድኩ ጊዜ፣ አንድ የአኙዋ አዛውንት ተረት እንዲነግሩኝ ለምኜ ተቀምጠን ሳለ፣ እሳቸው የጀመሩትን ተረት ትተው በልጅነታቸው በወንዙ ውስጥ የነበረውን የዓሣ ዓይነት ይቆጥሩ ጀመር። አንደኛው ዓሣ ሁለት ጎልማሶች በእንጨት አንጠልጥለው የሚሸከሙት እንደ ነበር፣ ጅራቱም መሬት እየጠረገ ይሄድ እንደ ነበር በአስተርጓሚ ነገሩኝ። እኔ በማስታወሻዬ ኅዳግ ላይ «ግነት» ብዬ ጻፍኩ፤ ባትሪውን ለተረቱ ለመቆጠብም መቅረጫውን አጠፋሁ። አዛውንቱ ወደ ተረቱ ሲመለሱ መልሼ ከፈትኩት። ይህ ጽሑፍ ከተቀረጸው ይልቅ ያልተቀረጸው ስላስጨነቀኝ የተጻፈ ነው።

ጽሑፉ የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ይህ ትውስታ በሥነ ቃል ጥናት ውስጥ ምን ዓይነት ትረካ ነው? ሁለተኛ፣ ስለ ባሮና ስለ እንስሳቱ እስከ ዛሬ የተጻፈው በማን አንደበት ነው? ሦስተኛ፣ ትውስታውን በአማርኛ የምንሰበስብ ሰዎች ምን እናጎድላለን፣ ምንስ ልንጠነቀቅ ይገባናል?

1. የትረካው ዓይነትና ቅርጽ

ጃን ቫንሲና እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ሥራው፣ በተናጋሪው ዕድሜ ውስጥ የሆነውን ነገር የሚመለከት የቃል ታሪክንና ከተናጋሪው ትውልድ አልፎ የመጣ የቃል ትውፊትን ይለያል። የባሮ ትረካ ከሁለቱም ወገን ይጠቅሳል። አዛውንቱ ያዩትን ጉማሬና አባታቸው ያዩትን ጉማሬ በአንድ አረፍተ ነገር ውስጥ ይጠሩታል፤ አያታቸው የነገሯቸውም እዚያው ላይ ይጨመራል። አድማጩ የቱ የማን እንደ ሆነ ካልጠየቀ በቀር ሦስቱ ትውልድ አንድ «ድሮ» ይሆናሉ።

ቅርጹን ብንመረምር ትረካው የራሱ ሥርዓት እንዳለው እንረዳለን። በመጀመሪያ ጊዜውን በዓመት አይናገርም፤ «ልጅ ሳለሁ»፣ «መርከቡ ይመጣ በነበረበት ጊዜ»፣ «ስደተኛው ሳይመጣ» እያለ ነው የሚወስነው። ቀጥሎ ቦታ ይጠራል፤ የወንዙ መታጠፊያ፣ ኩሬው፣ አሸዋው፣ ትልቁ ዛፍ እያንዳንዱ በስሙ ይነሣል። ከዚያ ዝርዝር ይመጣል፤ የእንስሳቱ ስም አንድ በአንድ ይቆጠራል። በመጨረሻም «አሁን ግን» በሚል ሐረግ ተመልሶ ዛሬ ላይ ያርፋል። ተረት የሚሰበስብ ሰው ቶሎ የሚሰለቸው ዝርዝሩ ላይ ነው። ሴራ የለውም፣ ገጸ ባሕርይ የለውም፣ ግጭት የለውም። ነገር ግን የለቅሶ ግጥም የሟቹን ሙያ፣ ዘመድና አገር እየዘረዘረ የሚያለቅስ መሆኑን ለምናውቅ ሰዎች፣ ዝርዝር ራሱ የሐዘን ቅርጽ ሊሆን እንደሚችል ሊሰወረን አይገባም ነበር። አዛውንቱ የዓሣውን ስም ሲቆጥሩ ቃና አልቀየሩም፤ እኔ ግን በተረት መለኪያ ስለ ለካሁት ከርእስ የወጡ መሰለኝ።

በዚህ ረገድ የትምህርት ክፍላችን ባዶ እጁን አይደለም። ፈቃደ አዘዘ እ.ኤ.አ. በ1998 በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ባሳተመው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሥራው የድርቅና የረኃብ ዘመን የቃል ግጥሞችን ሰብስቦ ገበሬው ስለ ደረሰበት መከራ የሰጠው ምስክርነት አድርጎ አንብቧቸዋል። ግጥሙ ኪን ስለ ሆነ ምስክርነቱ አልተቀነሰም፤ ምስክርነት ስለ ሆነም ኪንነቱ አልጠፋም። የሰሜን ሸዋ ገበሬ ስለ ጠፋ ዝናብ የተናገረው እንዲህ ከተነበበ፣ የባሮ ዳር ዓሣ አጥማጅ ስለ ጠፋ ዓሣ የሚናገረው በተመሳሳይ ዓይን የማይነበብበት ምክንያት አይታየኝም። ልዩነቱ የመጀመሪያው በግጥም፣ ሁለተኛው በዝርው መነገሩ ነው፤ እኛም ለግጥም የምናደላ ሰዎች ነን።

ከዚህም በላይ የአኙዋ ትውፊት ራሱ ወንዙን ከትረካው መነሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ኢቫንስ ፕሪቻርድና ጎድፍሬይ ሊንሃርት የመዘገቡት የመኳንንቱ ዘር አመጣጥ ሐተታ እንደሚለው፣ ኦቹዶ የተባለ እንግዳ ከወንዝ የወጣ ፍጡር ነው። በዓሣ የተጣሉ ልጆችን ይዳኛል፤ ወደ መንደር ይወሰዳል፤ ከመንደሩ ሹም ልጅ ይወልዳል፤ ከዚያም ወደ ወንዙ ይመለሳል። የቀረው ልጅ ስሙ ጊሎ ነው፤ ጊሎ በዚያው አገር የሚፈስ የሌላ ወንዝም ስም ነው። ይህን ሐተታ ስናስተምር ስለ ሥልጣን አመጣጥ እንናገራለን፤ እሱም ትክክል ነው። ነገር ግን ዳኝነት የተጀመረው በዓሣ ክርክር መሆኑን፣ ሥልጣንም ከውሃ ወጥቶ ወደ ውሃ የተመለሰ መሆኑን እንደ ማስጌጫ አልፈነው እንሄዳለን። ዓሣ በበዛበት ወንዝ ዳር የሚኖር ሕዝብ ፍርድን ከዓሣ ክፍፍል ቢጀምር አያስደንቅም። ወንዙ ዓሣ ቢያጣ ሐተታው ምን ላይ ቆሞ ይነገራል? ልጆቹ የሚጣሉበት ዓሣ ከሌለ ዳኛው ከውሃ የሚወጣበት ምክንያትም አይኖርም።

2. ስለ ባሮ የጻፈው ማን ነው?

ባሮ በጽሑፍ ዓለም የገባው በንግድ በር ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ግንቦት 1902) ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተዋዋሉት የድንበር ውል መሠረት፣ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚጸና በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ውሉ የጠራው ኢታንግን ነበር፤ ጣቢያው ግን በጋምቤላ ተቋቋመ። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ጨውና ጨርቅ አራግፎ ቡና፣ ሰም፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ ጭኖ ይመለሳል። ባሕሩ ዘውዴ የዚህን ንግድ ታሪክ በሰፊው አጥንቶታል። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ የጣቢያው ዘመን አበቃ።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው የዚህ ዘመን መዝገብ እንስሳውን የሚያውቀው በምን መልክ እንደ ሆነ ማየት ነው። ዝሆን በመዝገቡ ላይ የሚታየው በጥርሱ ነው፤ ሌላውም እንስሳ በቆዳው። ሕያው እንስሳ የሒሳብ መደብ የለውም። ወንዙም ቢሆን የሚጻፈው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል፣ ማለት መርከብ ያስኬድ እንደ ሆነ ወይም እንዳያስኬድ ነው። ይህ የነጋዴ ዓይን ነው፤ ነጋዴን በነጋዴነቱ መውቀስ አይቻልም። ስሕተቱ የሚመጣው የኋላ ጸሐፊ ይህን መዝገብ የወንዙ ሙሉ ትውስታ አድርጎ ሲወስደው ነው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ዓይነት የአዳኝና የጀብዱ ጽሑፍ ነው። በ1958 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1966) አንድ የአሜሪካ የሰላም ጓድ አባል ጋምቤላ ላይ ሲዋኝ በአዞ ተበላ። አደጋው በዓለም የታወቀው አሊስቴር ግራሃምና ፒተር ቢርድ እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ አዞ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ገባ ነው። የሚተረከውም አዞውን ለመግደል በወጣ የውጭ አገር አዳኝ አንደበት ነው። ትረካው ኃይለኛ ነው፤ ያነበበው ሰው አይረሳውም። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፦ በውጭው ዓለም ስለ ባሮ እንስሳት ከተጻፈው ሁሉ ብዙ አንባቢ ያገኘው አንድ አዞ፣ አንድ ሟችና አንድ አዳኝ ያለበት ታሪክ ሆነ። በዚያው ወንዝ በየቀኑ ውሃ የሚቀዱ፣ ልብስ የሚያጥቡ፣ ልጅ የሚያስታጥቡ ሴቶች አዞው የት እንደሚተኛ፣ በየትኛው ወር እንደሚከፋ፣ በየትኛው መውረጃ መውረድ እንደሚሻል ያውቁ ነበር፤ ይህ ባይሆን ኖሮ በወንዙ ዳር መኖር ባልቻሉ ነበር። በዚህ ትረካ ውስጥ ግን ተራኪ ሆነው አናገኛቸውም። አዳኙ አንድ ቀን ከአዞ ጋር ተፋጠጠ፤ ታሪክ ሆነ። ሴቶቹ ዕድሜ ልካቸውን ተፋጠጡ፤ ታሪክ አልሆነም።

ሦስተኛው የእኛው የአማርኛ ዓይን ነው። የደጋው ሰው የቆላ አውሬን በቃል ግጥም ሲያነሣ ብዙውን ጊዜ በግዳይ ነው። ዝሆን የገደለ ሎቲ ያደርጋል፤ ይፎክራል፤ ይፎከርለታል። ስለ ዝሆኑ አኗኗር ፉከራው የሚነግረን ጥቂት ነው፤ ስለ ገዳዩ ግን ብዙ ይነግረናል። «ጉማሬ» የሚለውን ቃል ብንወስድ፣ ባሮን አይቶ ለማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ ትውልድ ጉማሬ ከእንስሳው ይልቅ ከቆዳው የሚሠራው አለንጋ ስም ነበር። በአንድ ቃል ውስጥ እንስሳው ሞቶ መግረፊያ ሆኗል። ቋንቋችን ወደ ባሮ ሲወርድ እንዲህ ያለ ጓዝ ይዞ እንደሚወርድ ሳንገነዘብ የሰውን ትውስታ በአማርኛ ልንጽፍ ብንቀመጥ፣ የምንጽፈው ሌላ ፉከራ ወይም ሌላ የቆላ ንዳድ ወሬ እንዳይሆን ያሰጋል። ፍቅረ ማርቆስ ደስታ በሐመር ላይ ባተኮሩ ልብ ወለዶቹ የአማርኛን ትረካ ከደጋ አውርዶ ወደ ደቡብ መውሰዱ ትልቅ እርምጃ ነበር። ወደ ባሮ የሚወርደው እርምጃ ግን በልብ ወለድ ከመጀመሩ በፊት በመስማት ቢጀምር ይሻላል እላለሁ።

3. የስም ጉዳይ

አማርኛ የጋምቤላ ክልል የሥራ ቋንቋ ነው። ስለዚህ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንገር፣ የኦፖና የኮሞ ሰው ትውስታ ወደ ወረቀት ሲመጣ ብዙውን ጊዜ በአማርኛ በኩል ማለፉ የማይቀር ነው። አማርኛ ደግሞ ስለ ዓሣ የሚያውቀው ከጣናና ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የተማረውን ነው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ። ከዚያ በኋላ የቀረው ሁሉ «ዓሣ» ነው።

ባሮ ግን በዓሣ ዓይነት ብዛት ከአገሪቱ ወንዞች ሁሉ ቀዳሚውን ቦታ የሚይዝ ተፋሰስ አካል ነው። ምክንያቱም ወንዙ ከምዕራብ ደጋ ወርዶ፣ ከፒቦር ጋር ተገናኝቶ ሶባት በመሆን ወደ ነጭ ዓባይ የሚገባ በመሆኑ፣ የታላቁ የናይል ሜዳ ዓሣ ወደ እሱ ይወጣል። አምባዛ በሚለው አንድ ስም ብቻ የምንጠራቸው ሪዛም ዓሦች በባሮ ውስጥ የተለያዩ ወገኖች ናቸው፤ አንዱ ሲይዙት በኤሌክትሪክ ይነዝራል፤ ሌላው ከውሃ ሲወጣ ይንጫጫል። ረግረጉ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ አየር እየተነፈሰ ክረምትን የሚጠብቅ ዓሣም አለ። አስተርጓሚው እነዚህን ሁሉ «አምባዛ» ወይም «ሌላ ዓይነት ዓሣ» ብሎ ሲያልፋቸው ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ቃሉ የለውም። እኛ ግን የመጀመሪያውን ስም በተናጋሪው ቋንቋ ካልጻፍን፣ አሥር እንስሳ ወደ ወረቀት ሲመጣ አንድ ይሆናል። በትውስታ ውስጥ የነበረውን ብዛት ወንዙ ሳያጠፋው እኛ በትርጉም እናጠፋዋለን።

ይህ ፍርሃት እንዲያው የተፈጠረ አይደለም። በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች በጉማሬ አዳኝነታቸው የታወቁ ነበሩ፤ የጉማሬ ሥጋ በመብላታቸውም ጎረቤቶቻቸው ይርቋቸው ነበር። የራሳቸው ቋንቋ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ውስጥ እንደ ጠፋ ይታመናል፤ ዛሬ የሚናገሩት አማርኛ ነው። ከቀድሞው ቋንቋ የቀረው አጥኚዎች የለቀሟቸው ጥቂት ቃላት ናቸው። ጉማሬ የሚያድን ሕዝብ ስለ ጉማሬ ምን ያህል ቃል እንደ ነበረው፣ እናቲቱን ከግልገሏ፣ የቀኑን አካሄድ ከሌሊቱ በምን ቃል ይለይ እንደ ነበረ ዛሬ የሚነግረን የለም። በዚያን ጊዜ የአማርኛ ትምህርት ክፍል አልነበረም፤ ስለዚህ ማንም አይወቀስም። ዛሬ ግን አለ።

4. ግነት ወይስ ዘገባ?

አሁን በመግቢያው ወዳነሣሁት ዓሣ ልመለስ። «ሁለት ጎልማሶች በእንጨት የተሸከሙት፣ ጅራቱ መሬት የሚጠርግ ዓሣ» የሚለውን ግነት ብዬ ጽፌ ነበር። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የዘይቤ ዓይነቶችን አጥንቶ ወደ መስክ ሲወጣ የሚሰማው ሁሉ ዘይቤ ይመስለዋል። ናይል ፐርች የሚባለው ዓሣ በባሮ ይኖራል፤ ሙሉ ዕድገቱን ሲጨርስ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ ርዝመትና እስከ 200 ኪሎ ግራም ክብደት ሊኖረው ይችላል። ይህን ያወቅሁት ጥናቴን አስረክቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ዓሣ ሁለት ጎልማሶች በእንጨት ቢሸከሙት ጅራቱ መሬት መጥረጉ የሚጠበቅ ነው። አዛውንቱ ዘይቤ አልተጠቀሙም፤ ያዩትን ነገሩኝ። የተጋነነው የእኔ ጥርጣሬ ነው።

ከዚህ የምንማረው ነገር ቀላል አይደለም። የዓሣ ሀብት ተመራማሪው ዳንኤል ፖሊ እ.ኤ.አ. በ1995 እንዳመለከተው፣ እያንዳንዱ ትውልድ በልጅነቱ ያገኘውን የተፈጥሮ ሁኔታ እንደ መነሻ ይቆጥራል፤ በዚህም ምክንያት ከትውልድ ትውልድ የሚጠፋው ነገር ሳይታወቅ ይቀራል። ይህን የሚያጠናክር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ከሜክሲኮ የካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ወጥቷል። በዚያ የሦስት ትውልድ 108 ዓሣ አጥማጆች ተጠይቀው፣ አዛውንቶቹ ቀድሞ በዝተው ዛሬ የተመናመኑ ብለው የጠሯቸው የዓሣ ዓይነቶች ወጣቶቹ ከጠሯቸው አምስት እጥፍ፣ የጠሯቸው የማጥመጃ ቦታዎችም አራት እጥፍ ሆነው ተገኝተዋል። ወጣቶቹ አልዋሹም፤ አላዩም። ስለዚህ አዛውንቱ ሲናገሩ ወጣቱ «ያጋንናሉ» ብሎ ቢስቅ፣ ሳቁ ራሱ መረጃ ነው። ሰብሳቢው አዛውንቱን ብቻ ሳይሆን ልጁንና የልጅ ልጁንም ማስቀመጥና የሦስቱን «ድሮ» ጎን ለጎን መጻፍ ይኖርበታል። ሥነ ጽሑፍ ይህን «ልዩ ልዩ ቅጂ» ብሎ ያውቀዋል፤ ለተረት የምናደርገውን ለትውስታ ማድረግ ብቻ ነው የቀረን።

በሌላ በኩል ትውስታ ሁሉ እውነት ነው ማለት አይደለም። የ«አሁን ግን» ቅርጽ ወደ ፍጹም ጥፋት ያዘነብላል፤ «አለቀ»፣ «ጠፋ»፣ «አንድም የለም» ማለት ለትረካው መዝጊያ ይስማማዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 በደቡብ ሱዳን በኩል ይፋ የሆነው የአየር ላይ ቆጠራ ውጤት ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ነጭ ጆሮ ቆርኬ በዚያ ሜዳ እንደሚንቀሳቀስ አሳይቷል። ነጭ ጆሮ ቆርኬ ድንበር ተሻግሮ ወደ ጋምቤላ የሚመላለስ እንስሳ ነው፤ በ1966 ዓ.ም. የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመበትም አንዱ ምክንያት እሱው ነበር። ከከተማው ድልድይ ላይ ቆሞ «የዱር እንስሳ አልቋል» የሚል ሰው የሚናገረው ከዓይኑ ስለ ራቀው ነው። ከዓይን መራቅና ከምድር መጥፋት የተለያዩ ናቸው፤ ትረካው ግን ለሁለቱም አንድ ቃል ይጠቀማል። የሐያሲው ሥራ ተናጋሪውን ውሸታም ማለት ሳይሆን ቅርጹ የት ላይ እንደሚጎትተው ማሳየት ነው።

5. ትውስታና ይገባኛል ባይነት

እስካሁን የተነጋገርነው ሰብሳቢው ስለሚያጎድለው ነው። ሰብሳቢው ሊያባብሰው የሚችለውም አለ። የባሮ ዳርቻ ብዙ ሕዝብ የተሻማበት ዳርቻ ነው። አኙዋና ኑዌር በመሬትና በውሃ ላይ የቆየ ግጭት አላቸው፤ ደረጀ ፈይሳ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተመው መጽሐፍ የሁለቱን ሕዝቦች የማንነት አረዳድ ልዩነት በሰፊው ተንትኖታል። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ዘመን ከሰሜንና ከደቡብ የመጡ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰፋሪዎች በክልሉ ሰፍረዋል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢታንግ ከሱዳን ጦርነት የሸሸ ብዙ ሕዝብ ያረፈበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2013 ወዲህም የደቡብ ሱዳን ጦርነት በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችን ወደ ክልሉ አምጥቷል። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህም ሰፋፊ እርሻዎች ለባለሀብቶች ተሰጥተው፣ ከነዚህ አንዱ 100,000 ሄክታር ይዞ ተነሥቶ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ተሰርዟል።

በእንዲህ ያለ አገር «ጉማሬው እዚህ በነበረ ጊዜ እኛ እዚህ ነበርን» የሚል ዓረፍተ ነገር የተፈጥሮ ትውስታ ብቻ አይደለም፤ የባለቤትነት ማስረጃም ነው። «እነሱ መጥተው ጨረሱት» የሚለውም ክስ ነው። አንድ ተማሪ ከአንድ ወገን ብቻ ሰብስቦ «የጋምቤላ ሕዝብ ትውስታ» የሚል ርእስ ቢሰጠው፣ ሳያውቀው የአንዱን ወገን አቤቱታ በዩኒቨርሲቲ ማኅተም አትሞ አወጣ ማለት ነው። ስለዚህ የአኙዋው፣ የኑዌሩ፣ ከወሎ መጥቶ አዞን በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ሰፋሪና በካምፕ ውስጥ የተወለደው ስደተኛ ልጅ ትውስታ እያንዳንዱ የማን እንደ ሆነ ተጽፎ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይገባዋል። ማንኛቸው ትክክል እንደ ሆኑ መፍረድ የሰብሳቢው ሥራ አይደለም። ማን ከየት ቆሞ እንደሚናገር ማስፈር ግን ሥራው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በመስክ የምንቀርባቸው ሰዎች በአብዛኛው ወንዶች ናቸው፤ መንደር ስንገባ «አዋቂ ሰው አሳዩን» ስንል የሚመጡት እነሱ ስለ ሆኑ። የወንድ ትውስታ ወደ ትልቁ ዓሣና ወደ ተገደለው አውሬ ያደላል። ውሃ የምትቀዳዋን፣ ዓሣ የምታደርቀውንና የምትሸጠውን ሴት ብንጠይቅ የዓሣው መጠን በየዓመቱ እንዴት እንዳነሰ በገበያ ዋጋና በቅርጫት ልትነግረን ትችላለች። የእሷ ትረካ ከአዳኙ ያነሰ ጀብዱ ቢኖረውም ከእሱ የበለጠ ቀን ይሸፍናል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለሥራ የሚረዱ ጥቂት ነጥቦችን ማስቀመጥ ይቻላል። ትውስታው በተናጋሪው ቋንቋ ይቀረጽ፤ የእንስሳውና የቦታው ስም በዚያው ቋንቋ ከተጻፈ በኋላ ይተርጎም። ከርእስ ወጣ ተብሎ ምንም አይቆረጥ፤ መቅረጫውም አይጠፋ። ግነት የመሰለን ነገር ሁሉ የሥነ ሕይወት ባለሙያ ሳይጠየቅ ግነት ተብሎ አይመደብ። የሦስት ትውልድና የሁሉም ወገን ቃል ጎን ለጎን ይያዝ። ቅጂው በአዲስ አበባ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ብቻ ሳይሆን በጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም ይቀመጥ፤ የተናገረው ሰው ልጆች አምስት መቶ ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሳይጓዙ የአባታቸውን ድምፅ መስማት አለባቸውና።

እነዚህን ነጥቦች ስጽፍ ለሌላ ሰው የምመክር መስሎ እንዳይታይብኝ እፈራለሁ። ከዓመታት በኋላ ወደ ባሮ ተመልሼ እነዚያን አዛውንት ስጠይቅ ማረፋቸውን ነገሩኝ። የነገሩኝ ተረት በጥናቴ አባሪ ውስጥ አለ፤ ደህና ተረት ነው፤ ተመሳሳዩን ከሌላም ሰው ማግኘት ይቻላል። የቆጠሯቸው ዓሦች ስም ግን የለኝም። ከማስታወሻዬ ኅዳግ ላይ የቀረው «ግነት» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም የእሳቸው ሳይሆን የእኔ ነው።